ሜዳ ነው ቤት?

በእኛ ቤት አርብ አመሻሽ ላይ የካራቴ ፊልም ይታያል። ኩንግ ፉ መባሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አባቴ በልጅነቱ ካራቴ ብሎ ስለጀመረ ካራቴ እንደሆነ ቀረ። ፊልሞቹ አሮጌ ናቸው፤ አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ታሪካቸው ያው ነው፤ መምህሩ ይገደላል፣ አክተሩ ተራራ ወጥቶ ይሠለጥናል፣ ወርዶ ይበቀላል። አክተር ደግሞ አይሞትም። ስለዚህ ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው በቤታችን የለም። የምንጨነቀው የት ተቀረጸ በሚለው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ድብድብ ሲጀመር አባቴ «ሜዳ ነው ቤት?» ይላል። ሜዳ ማለት እውነተኛ ተራራ፣ እውነተኛ ወንዝ፣ ሰማይ ያለው ቦታ ነው። ቤት ማለት ስቱዲዮ ነው፤ ተራራው ጨርቅ ላይ የተሳለ፣ ዛፉ በምስማር የተመታ። ድብድቡ ሳያልቅ ሁሉም መልሱን መናገር አለበት። ሜዳ ያለ ሰው ደግሞ አገሩን ይጨምራል፤ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን ወይስ ኮሪያ። ከመካከላችን ከእነዚህ አንዱን እንኳ የረገጠ የለም። ወንድሜ ስልኩን ይዞ መልሱን ይፈልጋል፤ ዓለም ሥራ ፈት አያጣምና፣ የትኛው ድብድብ የትኛው ኮረብታ ላይ እንደተቀረጸ ፎቶ እያስተያዩ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በዚህ ሥራው ስሙ ዳኛው ሆኖ ቀርቷል። ዳኛው ራሱ ሲገምት ግን አንድም ቀን አግኝቶ አያውቅም።

አባቴ ግን ያገኝ ነበር። የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ሲያይ ስለሚውል ይሁን አላውቅም፣ ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። እኛንም ያስተማረን እሱ ነው። ሰውየው ሁለት ጥላ ካለው ቤት ነው፤ ፀሐይ አንድ ናት፣ የስቱዲዮ መብራት ግን ብዙ ነው። የአክተሩ ጸጉር በነፋስ እየተንሳፈፈ ከኋላው ያለው ሣር ካልተነቃነቀ ቤት ነው፤ ነፋሱ የማራገቢያ ነው። ሲነጋገሩ ከአፋቸው እንፋሎት ከወጣ ግን ብርድ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ኮሪያ በል። ከሁሉ በላይ ጆሯችሁን አትመኑ ይለን ነበር። በእነዚህ ፊልሞች ድምፅ የሚገባው በኋላ ነው፤ ቡጢውም ፏፏቴውም ጩኸቱም አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተሠራ ነው። ልጅ ሆኜ «ያስተጋባል፣ ዋሻ ነው» ስል፣ «አንቺ ፊልም ነው የምታይው ወይስ ሬዲዮ ነው የምትሰሚው?» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። መልሱን ሲናገር ደግሞ ይምል ነበር። «ሜዳ ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይል ነበር፣ ሶፋውን በመዳፉ እየመታ።

እናቴ አትገምትም። «እኔ ምን ቸገረኝ፣ የትም ሄደው ይፈላለጡ» ትላለች። አፏ ግን አያርፍም። የምትለቅመውን እህል ወይም የምትጠቅመውን ልብስ ይዛ አባቴ አጠገብ ትቀመጥና የምታየውን ሁሉ ታወራለች። «ውይ፣ ያ ድልድይ ደግሞ መጣ። ምነው ይሄ ሰውዬ በዚህ በረዶ በነጠላ ጫማ? የግድግዳው ቀለም ሲያምር፣ ለጓዳችን ነበር።» ወንድሜ ይበሳጫል። እኔማ አይነሣ፤ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። «እማዬ በናትሽ፣ ዓይን አለን እኮ» እላታለሁ። አባቴ ብቻ አይቆጣትም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲያውም «ተዋት ታውራ፣ ቤት ይሞቃል» ማለት ጀምሮ ነበር።

እናቴ ሌላም ልማድ አምጥታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ገቢና ገብታ ከአባቴ ጋር ትሄዳለች። ገበያ ነው ትላለች፤ ጉልበቴን ስለሚያመኝ በዚያው ያድርሰኝ ትላለች። ከሰዓትም እንዲሁ። ለሁለት ሰው ይህን ያህል ምን እንደምትገዛ ጠይቄያት አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር። በስተርጅና ፍቅር አገረሸባቸው ብዬ ሱቅ ውስጥ አውርቻለሁ፤ የምሠራው የተማሪዎች ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሱቅ ነው፣ እዚያ ከመርፌ ቀድሞ የሚገባው ወሬ ነው።

በዚህ መሐል አክስቴ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ብቻዋን ስለምትኖር የሚያነሳት የሚያስቀምጣት ሰው ያስፈልጋታል። የገዛ እህቷ ሆና ሳለ እናቴ ለመሄድ እንደዚያ ስታመነታ አይቻት አላውቅም። ቦርሳዋን ትዘጋና መልሳ ትከፍታለች፤ አባቴን ጓዳ ጠርታ ታንሾካሹካለች። በመጨረሻ በር ላይ እጄን ይዛ፣ «አባትሽን አደራ። አርብ ሳትመጪ እንዳትቀሪ» አለችኝ።

«ሕፃን ነው እንዴ?» አልኳት።

«ከሕፃንም ይብሳል» ብላ ሄደች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ያን ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት በየቀኑ እየዘገየች መጣች። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የምትመላለሰውም በአያቷ ሰርቪስ ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የልጇን ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች አንዲት እናት፣ «ያ ሰርቪስ ሰሞኑን ምን ነካው? እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል እኮ» ማለት ስትጀምር፣ የሱቁ ባለቤት በዓይኗ ወደ እኔ ጠቀሰቻትና ሴትየዋ ወሬዋን አቋረጠች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ሴትየዋ ቀደም ሲልም ስለ እጅጌ ርዝመት ስትነዘንዘኝ የኖረች ናት።

አርብ ከሥራ ስወጣ ልጄን ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ልጄ መኝታ ቤት ገብታ ሥዕሏን ያዘች። ሳሎኑ እንደወትሮው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ወንድሜ ወለሉ ላይ ትራስ ደግፎ፣ አባቴ ሶፋው ጥግ ላይ። የእናቴ ቦታ ባዶ ስለሆነ ማንም ሳይለኝ እዚያ ተቀመጥኩ።

አክተሩ የመምህሩን ገዳይ አንድ አሮጌ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት አገኘው። የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ጣራው ላይ በረዶ ተኝቷል፤ ዛፎቹ ቅጠላቸው ረግፏል። ሁለቱ ሲዛዛቱ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ለጀማሪ የተሰጠ ጥያቄ ነበር።

«ሜዳ ነው ቤት?» አለ አባቴ።

«ሜዳ፣ ኮሪያ» አልኩ።

«ሜዳ፣ ኮሪያ» አለ ዳኛውም። እሱ እንኳ አገኘው ማለት ነው።

አባቴ ራሱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብሎ ትንሽ ቆየና «ቤት ነው» አለ።

ወንድሜ በሳቅ ተንከተከተ። «አባዬ፣ እማዬ የለችም ብለህ ነው የምትቀልደው?»

«ቤት ነው እላችኋለሁ! አትሰሙም እንዴ? ድምፁ አይርቅም፤ ግድግዳ አለ።»

ወንድሜ እየሳቀ ስልኩን ይነካካ ጀመር። እኔ አልሳቅሁም። ድምፅ ሰማሁ ባልኩ ቁጥር ሬዲዮ እያለ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ነው፣ አሁን አትሰሙም ወይ የሚለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ዓይኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ነው፣ ግን በትክክል እሱ ላይ አልነበረም፤ ከቁም ሣጥኑ ጠርዝ ጋር የሚነጋገር ይመስላል። በረዶውን አላየውም። እንፋሎቱን አላየውም። አጠገቡ ቁጭ ብላ በረዶ ነው የምትለው ሰው የለችማ።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። ድብድቡ አልቆ ሌላ ቦታ መጣ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሻማ አብርተው ቀስ ብለው ያወራሉ። መስኮት እንኳ የለውም። እኔም ልክ እንደ እናቴ፣ ግድ የሌለኝ መስዬ፣ «ውይ፣ ያ ድልድይ ደግሞ መጣ» አልኩ።

«ታዲያስ!» አለ አባቴ ሶፋውን እየመታ። ፊቱ በራ። «ያቺን ድልድይ አጣታለሁ እንዴ? ታይዋን ናት። ሜዳ ነው! ዳኛው፣ ነጥቤን ስጠኝ።»

ወንድሜ ቀና አለ። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ አባቴን አየ። አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ።

«ሰጥቼሃለሁ» አለ ወንድሜ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሽማግሌዎቹ ሻማቸው ፊት ወሬያቸውን ቀጠሉ። አባቴ ስላሸነፈ እግሩን አነባብሮ ተደላደለ። እኔ በመጀመሪያ አዘንኩለት። ሐዘኑ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሰርቪሱ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አባዬ አያይም።»

«ማን ነገረሽ?» አለች።

«ድልድይሽ ነው የነገረኝ።»

«ያያል እኮ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጨርሶ አያይም አይባልም። ራቅ ሲል ነው ጉም የሚሆንበት። የዓይን ሞራ ነው ተብሏል። ሐኪሙ ይገፈፋል፣ ቀላል ነው አለው። እንቢ ያለው እሱ ነው። ከተሰማ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ትምህርት ቤቱም ሌላ ሹፌር ከቀጠረ አይመልሰኝም አለ። በዚህ ዕድሜዬ ሞራ ገላጭ ፍለጋ አልዞርም እያለ ይቀልድብኛል።»

«አንቺስ እንዴት አወቅሽ?»

«መማሉን ተወ። በሌላ በሌላው ይምላል፤ በዓይኑ ግን ድንገት መማል ተወ። ሰው የለመደውን መሐላ በከንቱ አይሸሽም ብዬ ስከታተለው ያዝኩት።»

«እና ገበያ የምትይው...»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ቀይ ነው እለዋለሁ፣ አረንጓዴ ነው እለዋለሁ፣ ሰው እየተሻገረ ነው እለዋለሁ። ወሬ አስመስዬ ነው፤ ልጆቹ አይነቁም።»

ደሜ ፈላ። «እማዬ! ልጄ እዚያ ውስጥ ናት!»

«እኔስ እዚያው ውስጥ አይደለሁም እንዴ?» አለች። እውነቷን ነበር፤ ግን እውነቷ አልረዳኝም። ለባሏ ስትል የሰው ልጅ ሁሉ ነፍስ በምላሷ ላይ አንጠልጥላ ስትመላለስ ከርማለች። ይህን ሳስብ ሌላው ነገር መጣብኝ።

«በዚህ ሳምንትስ ገቢና ማን ነበር?»

«በዚህ ሳምንትማ እረፍት ላይ ነው። እኔ እስክመለስ ሌላ ሹፌር ይተካል ብሎኛል። እናቴ ትሙት ብሎ ነው የማለልኝ።»

የአባቴ እናት ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል።

«ሲነዳ ነው የሰነበተው፣ እማዬ» አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፤ በእሱም በእሷም፣ የኤሊውን ወሬ ሰምቼ ችላ በማለቴ በራሴም ጭምር።

ከእነሱ ቤት ስንወጣ ወንድሜ ደረጃው ላይ ያዘኝ። «ቁልፉን እንደብቅበት» አለ።

«ከዚያስ? ጠፋ ብሎ ሌላ ያስቀርጻል።»

«እንግዲያው ለትምህርት ቤቱ እንናገር።»

«ከጀርባው?»

«አንቺ ነሽ እኮ እሳት የላስሽው» አለኝ። «እኔ ዳኛ ነኝ። አንቺ ተናገሪው።» ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ከባድ ነገር ሲመጣ የሚሰጠው ፍርድ ይህ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ልጄን ጎረቤት አስቀምጬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ ስናገር ነበር። ቁልፉን አምጣ እለዋለሁ። አለዚያ ለትራፊክ እናገራለሁ እለዋለሁ። የሰው ልጅ ይዘህ ትቀልዳለህ ወይ እለዋለሁ። የሚያልፉት ሰዎች እብድ ናት ብለውኝ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ሰርቪሱን ሲያጥብ አገኘሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥበዋል። የቀኙ ጎን ከበሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ተፍቋል፤ የጎን መስታወቱ በፕላስተር ታስሯል። የፊት መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረገ ነበር። መስታወቱ ከጸዳ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይፈትጋል።

«የኔ ልጅ» አለ የእግሬን ኮቴ ሲሰማ። «ምነው በጠዋት? በሰላም?»

«የጎን መስታወቱ ምን ሆነ?»

«የትምህርት ቤቱ በር ጠባብ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የጠበበው?»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ። «እናትሽ ነግራሻለች ማለት ነው» አለ።

«እማዬ ምንም አላለችኝም ነበር። ትናንት ድልድይ አልነበረም፣ አባዬ። ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ።»

እጁ ባልዲው ውስጥ ቀረ። ከዚያ በአፍንጫው ሳቅ አለ። «ጉድ ሠራሽኝ» አለ። ቂም አልነበረበትም፤ በጨዋታ የተበለጠ ሰው ሳቅ ነበር። «ስሚኝ፤ ይሄን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማውቀው።»

«የሚያስፈራውስ እሱ አይደል?»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ትምህርት ሲዘጋ ማንም ሳይሰማ አስገፍፋለሁ። እስከዚያ እናትሽ ትመጣለች።» ጨርቁን ጨመቀው። «አሁን ብናገር እኮ አንድ ወጣት ያመጣሉ። ከዚያ ዓይንህ ዳነ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ጠዋት ተነሥቼ የት እሄዳለሁ? ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ የማላየውን ፊልም ልስማ?»

በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር እዚያ ላይ ከዳኝ። ንዴቴ ለማይረባው ነገር ሁሉ ይደርስልኛል፤ የፈለግሁት ቀን ጠፋ። ከጨርቁ የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማው ላይ ይወርዳል፤ እሱም አላየውም። አንጀቴን በላኝ። ቁልፉን አምጣ ማለት አቃተኝ። የቻልኩት ትንሿን ነገር ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ለማንም አልናገርም» አልኩት። «ልጄን ግን ከሰኞ ጀምሮ አላሳፍራትም። እኔው በእግሯ አደርሳታለሁ።»

«ደግ» አለ ወዲያው። «ትንሽ ናት። ደግ አደረግሽ።»

ጨርቁን ባልዲው ጠርዝ ላይ ሰቀለ። በእጁ እየዳበሰ ወደ በሩ ሄዶ ተንሸራታቹን በር ከፈተና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ መሄድም መቆምም አቅቶኝ እዚያው ቀረሁ። ለራሴ ልጅ የሚበቃኝን አግኝቼ ነበር፤ ለምን እንዳፈርኩ አላወቅሁም።

«ልጅሽ ከኋላዬ ነው የምትቀመጠው» አለ። «አጠገቧ አንዲት ወሬኛ ልጅ አለች፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ። ስትናገር ታፏጫለች። ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ። ቀሚሷን እኔ ነኝ የሰፋሁላት።»

«እናቷስ?»

«እናቷንም አውቃታለሁ።»

«እሷ እንዳንቺ የሚነግራት ሰው የላትም» አለ።

ኪሱ ገብቶ ስልኩን አወጣና ዘረጋልኝ። «ለዳይሬክተሯ ደውይልኝ።»

«እኔ እንድናገር ነው?»

«የለም፣ እኔው ነኝ የምናገረው። ቁጥሩን አውጪልኝ፤ አይታየኝም።»

አይታየኝም ሲል ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ከደረጃው ተነሥቶ ቆመ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ሰላምታ ተለዋወጡ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለደረሰው ጭረት ጠየቁት መሰለኝ፣ «እሱን እከፍላለሁ» አለ።

«የደወልኩት ለሌላ ነው» አለ ቀጥሎ። «ዓይኔ ደክሟል፣ እመቤቴ። ለሰኞ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ። የገዛ ልጄ ልጇን አላሳፍርም ብላኛለች፤ እኔም የሰው ልጅ አላሳፍርም።»